ካሪኩለሙ ከመቀደዱ በፊት የፈተናው ወረቀት ይታይ

ሰሞኑን በየስልኩ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ብዙ ሰው የተጋራው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲግሪ ይዞ የሥራ ማመልከቻ መጻፍ የሚቸግረው ወጣት በየሰፈሩ አለ፤ የጸሐፊው ቁጣም የብዙ ወላጅ ቁጣ ነው። ምርመራው ግን በአብዛኛው ስቷል። የታዘዘው መድኃኒት ደግሞ በጀትና ዓመታት በልቶ በሽታውን ባለበት የሚተው ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ካሪኩለሞቻችን ሁሉ ከውጭ የተገለበጡ ስለሆኑ ተቀድደው በአንድ ማዕከል እንደ አዲስ ይጻፉ፤ ማስረጃው የመውጫ ፈተናው ውጤት ነው። የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ብክነት ስለሆኑ ይውጡ፣ ዲግሪውም ወደ ሦስት ዓመት ይመለስ። እያንዳንዱ ኮርስ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን። ይዘቱን ቀጣሪዎች ይጻፉት፣ በየዓመቱም ይከለስ። በመጨረሻም በየትምህርት ክፍሉ አራት አዳዲስ ኮርሶች ይጨመሩ፦ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ዲጂታል ማርኬቲንግ እና የግል ፋይናንስ አያያዝ። በየተራ እንያቸው። አንዳንዱ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል።

«ተገለበጠ» የሚለው ክስ ግማሽ እውነት አለው። በ2005 ዓ.ም ገደማ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀራራቢ ኮርሶችን በአንድ ወደሚያሰባስበው የሞጁል አሠራር ሲዞሩ፣ የአውሮፓ አገሮች ከፍተኛ ትምህርታቸውን ያጣጣሙበት የቦሎኛ ሂደት ቋንቋም አብሮ ገባ። ኢሲቲኤስ የሚባለው ክሬዲት የሚቆጥረው መምህሩ ሰሌዳ ፊት የቆመበትን ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ተማሪው በጠቅላላ የሚደክምበትን ነው። አውሮፓ ውስጥ አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው፤ እኛ ዘንድ በብዙ ሞጁሎች ላይ 27 ተብሎ ተያዘ። ስለዚህ አምስት ኢሲቲኤስ ያለው ኮርስ 135 ሰዓት ይሆናል፤ ሰነዱም ይህን በሌክቸር፣ በቱቶሪያል፣ በላብና በግል ንባብ ያከፋፍለዋል። ቱቶሪያሉ ረዳት መምህርና ባዶ ክፍል፣ የግል ንባቡ በቂ መጽሐፍ ይፈልጋል። ቁጥሩ መጣ፤ ቁጥሩን የሚሸከመው ነገር ግን በብዙ ቦታ አልመጣም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

ከዚህ ተነስቶ በሽታው መገልበጡ ራሱ ነው ማለት ግን አያስኬድም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1940ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተተከለ ነው። ማስተማርን፣ ምርምርንና የገበሬ ኤክስቴንሽንን አንድ ላይ የሚያስኬደው አሠራር ከነሙሉ ቅርጹ ከዚያ የመጣ ነው። ሲመጣ ግን የኮርስ ዝርዝር ብቻ ሆኖ አልመጣም፤ ማሳው፣ ከብቱ፣ ገበሬው ዘንድ የሚወርደው ሥራ አብሮት ተተክሏል። «ሁሉም ተገልብጧል» የሚለውም ቢሆን ልክ አይደለም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ግቢ አስተምሮ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ያሰማራ ነበር፤ የተነሳው ከአገሪቱ የገጠር ጤና ችግር ነው። የጅማው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን የካሪኩለሙ አከርካሪ አደረገው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው አንድ ዓመት ሙሉ ገጠር ወርዶ ካላገለገለ ዲግሪ አይሰጠውም ነበር። የካሪኩለም ታሪካችንን ከ2005 ዓ.ም የጀመረ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

«በአንድ ማዕከል ይጻፍ» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ የሆነው እሱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩት አብዛኛው ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ ተጣጥሞ፣ በአውደ ጥናት ጸድቆ የወረደ ነው። ጸሐፊው እንደ መድኃኒት ያዘዙት በሽተኛው ሲወስደው የኖረውን ነው።

ይህ ነገር የመውጫ ፈተናውን ክርክርም ያፈርሰዋል። ፈተናው በ2015 ዓ.ም በሁሉም መስኮች ሲጀመር (የሕግ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ቀደም ብለው ይሰጡት ነበር) ማለፊያ የሆነውን 50 በመቶ ያገኘው ተፈታኝ ከግማሽ በታች ነበር። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ካሪኩለሙ ወደቀ» ይላሉ። አንድ ዓይነት ካሪኩለም የሚያስተምሩ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ተፈትነው፣ ውጤታቸው ሰማይና ምድር ሲሆን ልዩነቱን ሰነዱ ሊያመጣው አይችልም፤ ሰነዱ አንድ ነውና። ልዩነቱ የመጣው ከተቀበሉት ተማሪ፣ ከመምህሩ፣ ከቤተ ሙከራው፣ በትክክል ከተማረበት ሰዓት ነው። የዝቅተኛ ውጤት መነሻው ከዩኒቨርሲቲው በር በፊት መጀመሩንም መርሳት አይገባም፤ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። በሽታው ሰነዱ ውስጥ ካልሆነ የት ነው? በሰነዱና በፈተናው ወረቀት መካከል ነው። ማኔጅመንት ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን መግቢያ ስታቲስቲክስ እንውሰድ። ሰነዱ ላይ የተጻፈው የመማር ውጤት «ተማሪው ናሙና ወስዶ፣ መረጃ ተንትኖ፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» የሚል ነው። ሸጋ ዓረፍተ ነገር ነው። ፋይናል ላይ የሚመጣው ግን «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ምንድን ነው?» እና «ለሚከተሉት አምስት ቁጥሮች አስሉ» ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ስለሆነ እውነተኛው ካሪኩለም ፈተናው ሆነ፤ ሰነዱ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ያንኑ ኮርስ በዚህ ጥያቄ መፈተን ይቻላል። አንድ ቡና ላኪ 60 ኪሎ ናቸው ከሚላቸው ጆንያዎች አሥሩ በዘፈቀደ ተመርጠው ሲመዘኑ 59.2፣ 60.1፣ 58.8፣ 59.6፣ 60.0፣ 59.1፣ 59.4፣ 60.2፣ 58.9 እና 59.7 ኪሎ ሆኑ። ጭነቱ ይውጣ ወይስ ይቁም? ምክንያታችሁን በቁጥር አስደግፋችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። አማካዩ 59.5 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ክብደቶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት ልክ) ግማሽ ኪሎ ያህል። ጉድለቱ በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚፈትሸው የቲ ዋጋ ለአሥር ጆንያ 3.16 ይመጣል፤ በ5 በመቶ ደረጃ ሰንጠረዡ የሚያሳየው ወሰን ደግሞ 2.26 ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የሚዛን መወላወል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። 320 ጆንያ በሚይዝ አንድ ኮንቴይነር ላይ ደግሞ 160 ኪሎ ይጎድላል ማለት ነው። ይህን የመለሰ ተማሪ ትርጉሙን ያውቃል፣ ማስላት ይችላል፣ ወስኖም ይጽፋል። ትርጉሙን የሸመደደው ግን ሦስቱንም ስለመቻሉ ምንም አላሳየንም።

መምህሩ ለምን እንዲህ አይጠይቅም? ስንፍና ነው ለማለት አይቸኮል። በሦስት ሴክሽን 200 ተማሪ ያለው መምህር እያንዳንዱን ወረቀት ለማረም አሥር ደቂቃ ቢፈጅበት 33 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ግሬድ የሚያስገባበት ቀን ግን ደርሷል። መፍትሔው ፈተናውን በሙሉ እንዲህ ማድረግ ሳይሆን ከየፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲህ ማድረግ ነው። የእርማት መመሪያውም አራት መስመር ይበቃዋል፦ አማካይና ስርጭት፣ የፍተሻው ስሌት፣ ውሳኔው፣ ውሳኔውን የሚደግፈው ዓረፍተ ነገር። መመሪያው ቀድሞ ከተጻፈ ወረቀት በሦስት ደቂቃ ይታረማል፤ 200ው በ10 ሰዓት ያልቃል። መመሪያው ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ከሆነ ግን ሦስቱ ደቂቃ አሥር ይሆናል፣ ሁለት መምህራንም ለአንድ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነጥብ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ጉድጓድ የሰዓቱ ሒሳብ ነው። ሦስት ክሬዲት አወር በ16 ሳምንት 48 የክፍል ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ምዝገባና አድ-ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መጣል) ሁለት ሳምንት፣ ሚድ ፈተና አንድ ሳምንት፣ በዓልና ያልታሰበ መቋረጥ አንድ ሳምንት ቢወስዱ የሚቀረው 36 ሰዓት ነው፤ ሩቡ ሄደ። የሚቆረጠውም ሁልጊዜ መጨረሻው ነው። በስታቲስቲክስ ኮርስ መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ሃይፖቴሲስ ቴስቲንግ (ግምትን በናሙና መፈተሽ) እና ሪግሬሽን (የነገሮችን ግንኙነት በቁጥር መለካት) ናቸው። የቡናው ጥያቄ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ የአራተኛ ዓመት ጥናታዊ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም። ተማሪው ያልተማረውን ትንተና «ኤስፒኤስኤስ እንሠራለን» (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው) የሚል ማስታወቂያ ወደለጠፈ ኮምፒውተር ቤት ይዞ ሲሄድ ሥነ ምግባር የለውም ብለን እንቆጣለን፤ መነሻው ግን ከሁለት ዓመት በፊት የተቆረጠው ምዕራፍ ነው። የኮርስ አውትላይን የሚያዘጋጅ ሰው ለ16 ሳምንት ሳይሆን ለ12 ሳምንት ያቅድ። ቀጣዩ ኮርስ የሚመካበትን ምዕራፍ ወደ መሐል ያምጣው፣ ቢቀርም የማይጎዳውን መጨረሻ ላይ ያኑረው። ለዚህ የሴኔት ውሳኔ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሰነዱን ሳይቀድዱ ሰነዱን የሚፈትሽ ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ወደ ታች ኮርሶቹን ሁሉ፣ ወደ ጎን ተመራቂው ሊችላቸው የሚገቡ ሰባት ስምንት ነገሮችን ጻፉ። በየሳጥኑ ኮርሱ ያንን ነገር የሚያስተዋውቅ ከሆነ «ማ»፣ የሚያለማምድ ከሆነ «ል»፣ ብቃቱን የሚፈትን ከሆነ «ብ» ይግባ። ምልክቱን የሚያስገባው የኮርሱ መምህር ሲሆን ማስረጃው ያለፈው ሴሚስተር ፈተናና አሳይንመንት ይሁን፤ ከአውትላይኑ ከተገለበጠ ሳጥኑ ሁሉ ይሞላል፣ ወረቀቱም ምንም አይናገርም። በትክክል ሲሞላ ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፦ «በጽሑፍ ማስረዳት» በሚለው ዓምድ ላይ አንደኛ ዓመት በእንግሊዝኛ ኮርሶቹ ሁለት «ማ» አለ፤ ከዚያ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ባዶ ነው፤ አራተኛ ዓመት ሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ላይ በድንገት «ብ» ይመጣል። በመሐል አንድም «ል» የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ሳይጽፍ የቆየን ተማሪ 40 ገጽ ጻፍ ማለት ቅዳ ማለት ነው። መታከሚያው አዲስ «አካዳሚክ ራይቲንግ» ኮርስ መጨመር አይደለም። ካሉት የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች አራቱን መርጦ በየአንዳንዳቸው ሁለት ገጽ የሚያስጽፍ፣ ተመልሶም የሚታረም ሥራ ማስገባት ነው። ነጥቡ ከተከታታይ ምዘናው ይቀነሳል፤ ክሬዲት አይነካም። ታሪክ ክፍልም ሆነ ባዮሎጂ ክፍል ይህ ወረቀት እኩል ይሠራል፤ የሚለየው ዓምዶቹ ላይ የሚጻፈው ነው።

ወደ ጽሑፉ እንመለስ። የአንደኛ ዓመት ኮርሶች ይውጡ፣ ዲግሪው ሦስት ዓመት ይሁን የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ተሞክሯል። በ1996 ዓ.ም ገደማ ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ኮርሶች ዓመት ቀርቶ ይዘቱ ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ወረደ፤ ብዙው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። ያ አሠራር ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ጥናት ከተካሄደ በኋላ በ2012 ዓ.ም ፍሬሽማን ተመለሰ፣ ዲግሪውም ቢያንስ አራት ዓመት ሆነ። ይቅር የሚል ሰው ያኔ ያልሠራው ነገር ዛሬ ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት አለበት፤ ጽሑፉ ግን ይህን ታሪክ አላነሳም። በሌላ በኩል ቅሬታው ባዶ አይደለም። የሎጂክ ኮርሱ በትልቅ አዳራሽ ለመቶዎች ይሰጣል፤ ተማሪው የፋላሲ (የተሳሳተ አመክንዮ) ስም ሸምድዶ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላም በየትኛውም ኮርስ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ይረሳዋል። በሁለተኛ ዓመት የገበያ ጥናት ኮርስ ላይ አንድ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሰጥቶ «ክርክሩ የት ላይ ይሰበራል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መምህር ቢኖር ያ ኮርስ ዋጋው ይታይ ነበር። ጉዳቱ የጋራ ኮርስ መኖሩ ሳይሆን የሚረከበው አለመኖሩ ነው።

«70 በመቶ ተግባር» የሚለው ሐሳብ ከቴክኒክና ሙያ የተወሰደ ይመስላል፤ እዚያ ቦታው ነው። ኮንክሪት እንውሰድ። አንድ ለሁለት ለሦስት የሚለውን የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ምጣኔ ፎርማኑ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዚያ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ኢንጂነሩ የሚያስፈልገው ሠራተኛው «አልፈስ አለኝ» ብሎ ውሃ ሊጨምር ሲል ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ በ25 ሊትር ውሃ ሲቦካ የውሃና የሲሚንቶው ጥምርታ 0.5 ነው፤ አሥር ሊትር ሲጨመርበት 0.7 ይሆናል፣ ጥንካሬው ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። ይህ በዕለቱ አይታይም። ኮንክሪቱ እንዲያውም ተመቻችቶ ይፈስሳል፤ ጉዳዩ የሚታወቀው ናሙናው በ28ኛው ቀን ሲሰበር ነው፣ ያኔ ደግሞ በላዩ ሌላ ፎቅ ተገንብቷል። «ለምን» የሚለውን የሚያውቅ ሰው ውሃውን በዕለቱ ያስቆማል። ያ እውቀት ደግሞ ከ30ው በመቶ ውስጥ ነው።

ተግባሩ ቀጭን ነው የሚለው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሰነዱ ላይ የተጻፈው መቶኛ አይደለም። የአንድ የላብ ኮርስ ሰነድ አሥር ሙከራ ይላል እንበል። አንድ ሴክሽን 60 ተማሪ ቢሆንና አምስት አምስት ቢመደቡ 12 ቡድን ይሆናሉ። አንድ ሙከራ 45 ደቂቃ ከፈጀና መሣሪያው አንድ ከሆነ ሁሉም እስኪደርሳቸው 9 ሰዓት ይሄዳል። ፕሮግራሙ ላይ ያለው የላብ ሰዓት በሳምንት 3 ነው። ስለዚህ አንድ ሙከራ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ በ12 ሳምንት አራት ሙከራ ብቻ ይሠራል። ቴክኒሻኑ ይህን ስለሚያውቅ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ ተማሪው ቆሞ ያያል፣ ሪፖርቱ ካምናው ሪፖርት ይገለበጣል። ድርሻውን 70 ብሎ መጻፍ ከዚህ ላይ አንድም መሣሪያ አይጨምርም። የሚያዋጣው አራት የተለያዩ ሙከራዎችን (የወንፊት ትንተና፣ የቦካ ኮንክሪት የመፍሰስ ልክ የሚለካበት ስላምፕ፣ የአሸዋ ጭቃ መጠን፣ የኮንክሪት ናሙና መስበር) በአንድ ሰዓት በአራት ጠረጴዛ ማዘጋጀት ነው። 12ቱ ቡድኖች በሦስት ዙር፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ሙከራ ይጨርሳሉ፤ የቀረው 45 ደቂቃ ለውይይት ይተርፋል። ዋጋም አለው፦ አንዳንዱ ቡድን ሌክቸሩ ያልደረሰበትን ሙከራ ስለሚሠራ የላብ ማኑዋሉ ራሱን ችሎ የሚያስረዳ መሆን አለበት፤ ጠረጴዛውን የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። የካሪኩለም ኮሚቴ ስለ መቶኛ ከመከራከሩ በፊት ይህን ሒሳብ ጠረጴዛ ላይ ቢያወጣ ይሻላል።

ቀጣሪዎች ይጻፉት? ወንበር ይሰጣቸው፤ ብዕሩ ግን አይሰጣቸው። መጀመሪያ ነገር ቀጣሪ አንድ አይደለም። ባንኩ ቶሎ ቆጥሮ የሚከፍል ይፈልጋል፣ የኦዲት ድርጅቱ ተጠራጥሮ የሚያይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በጀት የሚያውቅ። አካውንቲንግን ብንወስድ ቀጣሪው ቶሎ የሚጠይቀው ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚችል ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገ ሌላ ይተካዋል። የዴቢትና ክሬዲት አመዘጋገብ ግን በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ በመጽሐፍ ሲታተም ከነበረበት አልተነቃነቀም። በአንጻሩ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች እንዲዘግቡ ሲደረግ የአካውንቲንግ ካሪኩለም የግድ መለወጥ ነበረበት። ያ ለውጥ የአንድ ቀጣሪ ፍላጎት አልነበረም፤ የሙያው ሕግ ነው የተቀየረው።

ጸሐፊው ያላዩት ትልቅ ችግር ቀጣሪው የሚጠየቅበት መንገድ ነው። የፍላጎት ዳሰሳ የሚባለው ብዙ ጊዜ «ተመራቂው የመግባባት ክህሎት ያስፈልገዋል» የሚል መጠይቅ ሆኖ ከአንድ እስከ አምስት ምልክት ያስደርጋል። ማን «አልስማማም» ይላል? ሁሉም አምስት ሞልቶ ይመልሳል፤ ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድም ኮርስ የሚቀይር ነገር አይወጣም። በምትኩ ለቅርብ አለቃው (ለሰው ኃይል ኃላፊው ሳይሆን) ሁለት ጥያቄ ይቅረብለት፦ ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ ተመራቂ የሠራውና እርስዎ መልሰው የሠሩት ሥራ ምንድን ነው? እስኪለምድስ ስንት ሳምንት ፈጀ? «የባንክ ማስታረቂያ ሠርቶ ሳይገጥምለት ሲቀር ልዩነቱን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ደበቀው» የሚል መልስ አንድ ቢገኝ ከመቶ መጠይቅ ይበልጣል፤ የትኛው ኮርስ፣ የትኛው ምዕራፍ፣ የትኛው አሳይንመንት ላይ እንደሚገባ ወዲያው ይታወቃልና።

በየዓመቱ ይከለስ የሚለው በጎ ሐሳብ ይመስላል፤ ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ሲታይ ግን ሌላ ነው። አራት ዓመት የሚፈጅ ፕሮግራም በየዓመቱ ከተቀየረ አንድም ባች የጀመረውን አይጨርስም፤ በአንድ ጊዜ አራት ካታሎግ (የፕሮግራሙ የኮርስ ዝርዝር) ይሠራል። ትምህርቱን አቋርጦ (ዊዝድሮው አድርጎ) የተመለሰ ወይም ኤፍ ያለበት ተማሪ እንደገና የሚመዘገብበት ኮርስ ጠፍቶ ያገኘዋል፣ ለእያንዳንዱም ተመጣጣኝ ኮርስ ሲፈለግ ሴሚስተሩ ያልቃል። ፍጥነቱ በየደረጃው ይለያይ። ምሳሌ፣ ንባብና የፈተና ጥያቄ በየሴሚስተሩ በመምህሩ ይቀየሩ። የኮርስ ይዘትና ምዘና በዓመት አንዴ በትምህርት ክፍሉ ይታዩ። የኮርሶች ዝርዝርና ክሬዲት አንድ ባች ሙሉውን ጨርሶ ውጤቱ ከታየ በኋላ ይነካ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሲተካ የቢዝነስ ሕግ ኮርስ የሚያስፈልገው በማግስቱ አዲስ ሃንዳውት ነው፤ የፕሮግራም ክለሳ እስኪመጣ አሮጌውን ሕግ ማስተማር አይገባም፣ ለዚያ ብሎ ፕሮግራሙን መክፈትም እንዲሁ።

የቀሩት አራቱ አዳዲስ ኮርሶች ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ለክርክር ልተዋቸው። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስና ዳታ ሳይንስ ግን ዛሬም በካሪኩለሙ ውስጥ አሉ፦ ሁሉም ተማሪ በአንደኛ ዓመት በሚወስደው «ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» ኮርስ ውስጥ ለየራሳቸው አንድ አንድ ምዕራፍ ይዘዋል። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሐል ላይ ይውጡ ካሏቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ይኸው ነው። ምዕራፎቹ ላይ ላዩን የሚሄዱ ናቸው ቢሉ እስማማለሁ፤ የሕግ ተማሪው በሕግ ኮርሱ፣ የግብርና ተማሪው በግብርናው ውስጥ ቢያገኛቸው ይሻል ነበር። እንደ አዲስ ኮርስ ይግቡ ከተባለ ግን ቦታውም ይታሰብ። የአንድ ሴሚስተር ጭነት 30 ኢሲቲኤስ ነው፤ በ27 ሲባዛ 810 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 50 ሰዓት ያልፋል። ከዚህ ላይ ለሚጨመር እያንዳንዱ ኮርስ አንድ ነባር ኮርስ ቦታ ካልለቀቀለት የሚገባበት የለም። ጽሑፉ የሚገቡትን አራቱንም በስም ዘርዝሯል፤ ከየክፍሉ የትኞቹ አራት እንደሚወጡለት ግን አንድ ቦታ ላይ አልጻፈም።